አትጠብቋት

ሰው ሁሉ «እኔ እንኳን ቂም አልይዝም» ሲል እሰማለሁ። እኔ እይዛለሁ። አያያዙንም አውቅበታለሁ፤ ፊቴ ላይ ሳይወጣ፣ እየሳቅኩና ምግብ እያቀረብኩ፣ ለዓመታት መያዝ እችላለሁ። ይህን የምጽፈው ንስሐ ልገባበት አይደለም። የንስሐ አባቴ ሌላ ቀን ይሰሙኛል።

ነገሩ የጀመረው በተራራ ጉብኝት ነው። አትላንታ ከገባን ጥቂት ዓመታት ሆኖን ነበር። ከከተማው ዳር ታከር ውስጥ እንኖራለን፤ እኔ የኤርፖርት ሻትል እነዳለሁ፣ አበልጄ ብሩክሄቨን አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። አበልጄ የምላት የልጄን የክርስትና እናት ነው። የዲቪ ሎተሪ የደረሰን በአንድ ዓመት ነው። መጀመሪያ በአንድ አፓርትመንት ተዳብለን ኖርን፤ በኋላ እሷም እኔም ትዳር ይዘን በአንድ ሰፈር ቤት ገዛን። ልጄን ስወልድ ሆስፒታል አብራኝ ያደረችው እሷ ናት። እናቴ የወለደችልኝ እህት የለችም፤ እህት ምን እንደሆነች ያወቅኩት በእሷ ነው። ስለዚህ የማወራው ስለ ባዳ አይደለም። ባዳ ሰውን እንዲህ አድርጎ መጉዳት አይችልም።

ጉብኝቱን ያመጡት መምህራችን ናቸው። አገር ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው ልጆቻቸው ዘንድ የመጡ ሰው ናቸው። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ማየት ሰለቻቸውና እኛን ማስተማር ጀመሩ። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንጂ የምትኖሩበትን ምድር አታውቁትም እያሉ ይወቅሱናል። በየዓመቱ ቅጠሉ ቀለም ሲቀይር ቅዳሜና እሁድን ይዘን ወደ ሰሜን፣ ወደ አፓላቺያ ተራሮች እንድንሄድ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ከጉዞው በፊት ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በአንዱ ጀርባ ክፍል ሰብስበውን፣ ካርታ ዘርግተው ስለ ተራራው፣ ስለ ሕዝቡና ስለ ታሪኩ ያስረዱናል። እውነቱን ለመናገር ከካርታው ይልቅ ጥብሱን የምንጠብቅ ብዙ ነበርን። የምንሄድባት ቫን ሾፌር ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

መንዳት የአባቴ ነገር ነው። አባቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር፤ ተሳቢ እየጎተተ ጣርማ በርን ሲወጣና ሲወርድ ነው ያረጀው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ያስቀምጠኝና «በማርሽ ውረጂ እንጂ በፍሬን አትውረጂ» ይለኝ ነበር፤ መሪ እንኳን የማልደርስ ልጅ። ጆርጂያ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያገኘሁ ዕለት ከባሌ በፊት የደወልኩት ለእሱ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ በደረሰ ጊዜ አዲስ አበባ ወንድሜ ቤት ነበር፤ አሞታል፣ ሐኪም ቤት ይመላለሳል፣ ግን ወሬው አልጠፋም። ከመሄዳችን በፊት ስደውልለት ተራራው ከጣርማ በር ይበልጥ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይቼ እነግርሃለሁ አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ከምግብ ቤቱ ፓርኪንግ ተነሣን። መምህራችን ከኋላዬ ወንበር ቆመው፣ አንድ እጃቸውን በወንበሬ ጀርባ ደግፈው ያስተምራሉ። ድሮ ወርቅ የተገኘባት አንዲት ከተማ ስንደርስ አውርደው አደባባዩን አሳዩን። ወርቁ ሲገኝ ባለ ርስቶቹ ቼሮኪዎች ከቤታቸው ተነቅለው፣ በክረምት ብርድ በእግራቸው እየተነዱ፣ ሙታቸውን መንገድ ዳር እየቀበሩ ወደ ምዕራብ መሄዳቸውን ሲነግሩን ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አበልጄ አለቀሰች። ሆዷ ቡቡ ነው፤ ለማታውቀው ሰው ሙት ታለቅሳለች።

ተራራው ሥር ስንደርስ መንገድ ዳር የተቀቀለ ኦቾሎኒ የሚሸጥ ሰውዬ አገኘንና ቆምን። ኦቾሎኒ ይቀቀላል ወይ እያልን ስንስቅ የአበልጄ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩን አይታ ከሰውዬው ዳስ ጀርባ ሄደች። እኔ ትኩሱን ኦቾሎኒ እየፈለፈልኩ፣ ጀርባዋን እያየሁ፣ ባሏ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስትመለስ ወደ እኔ አልመጣችም፤ ወደ መምህራችን ሄደች። ከዚያ ሁለት ሴቶች ተጨመሩ፣ ቆመው ተንሾካሾኩ። የምሳውን ነገር የሚመካከሩ መስሎኝ ያመጣነው ድፎ አለ ብዬ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ይንከባከቡኝ ጀመር። አንዷ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች በእጄ ታስጨብጠኛለች። አንዷ ብርድ ነው ብላ ፎጣዋን ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። መምህራችን አንድ ቀን ጠይቀውኝ የማያውቁትን «ልጄ፣ አልደከመሽም?» አሉኝ። እኔም ሞኝ አይደለሁ፣ ዛሬ ተወደድኩ ብዬ ደስ አለኝ።

መንገዱ መጠማዘዝ ጀመረ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ቅጠሉ ቀይና ብጫ የሆነ ዳገት ነው። ቫኑ ውስጥ ጸጥ ሲል የፈሩ መሰለኝና ላጫውታቸው ብዬ የአባቴን ወሬ ጀመርኩ። አባቴ እንዲህ ይላል፣ አባቴ እንዲህ ያደርጋል እያልኩ ነው። አንድ ጊዜ ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ረዳቱን አስወርዶ ፋኖስ አስይዞ ከፊት እያስኬደ እንዳለፈ ነገርኳቸው። ስመለስ ይህን መንገድ እነግረዋለሁ፣ ከእኔ በላይ ነው የሚደሰተው አልኩ። ማንም አልሳቀም። በመስተዋቱ ሳያቸው ሁሉም በመስኮት ያያሉ። አበልጄ ከጎኔ ነበረች፤ ጉልበቷን እያየች አንገቷን ትነቀንቃለች። አባቴ «ይላል፣ ያደርጋል» የሚባልለት ሰው አለመሆኑን ያን ጊዜ ሁሉም ያውቁ ነበር።

ከሰዓት የደረስንበት ተራራው ላይ ያለ የድሮ መንደር ነው፤ የተራራው ሰዎች ኑሮ እንደነበረ የሚታይበት። ከግንድ የተሠሩ ቤቶች፣ የሽመና ዕቃ፣ አንዲት ክፍል ትምህርት ቤት፣ ከዛፍ መሃል ደግሞ ነጭ ቀለም የተቀባች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። የምታስጎበኘን ሽበቷን የተጎነጎነች የዚያው አገር ባልቴት ነበረች፤ እሷ ትናገራለች፣ መምህራችን ይተረጉማሉ። ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ የተሰቀለ ደወል ነበር። ሰው ሲሞት ወዲያው ይደወላል አለች፤ በሟቹ ዕድሜ ልክ፣ ቀስ እያለ። ማሳ ላይ ያለው ሞፈሩን ጥሎ፣ ወንዝ ያለው ልብሱን ጥሎ፣ ሁሉም ቆሞ ይቆጥራል፤ ከቁጥሩ ማን እንደሞተ ያውቃል። እዚህ አገር ሞት አይደበቅም ነበር አለች። መምህራችን ይህን ሲተረጉሙ ድምፃቸው ሻከር አለ፤ ጉንፋን ይዟቸው ይሆናል አልኩ።

ባልቴቷ መደወል የሚፈልግ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ማንም ሳይወጣ ሲቀር እኔ ወጣሁ። ሰው ለምን እንዲህ ይፈዛል፣ ስንት መንገድ ነድቼ አምጥቻቸው እያልኩ ገመዱን ያዝኩና እየሳቅኩ ደወልኩት። ድምፁ ሸለቆውን ዞሮ ተመለሰ። ዞር ብዬ «ታከር ድረስ ተሰማ?» አልኳቸው። አበልጄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ ፀሐይ የመታት መሰለኝ።

ማታ ያረፍንበት ቦታ የተራራው ሰዎች በቫዮሊንና በባንጆ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ባንጆ ከአፍሪካ የመጣ መሆኑን መምህራችን ከነገሩን በኋላ እንደ ዘመድ ዕቃ ቆጠርኩትና ተነሥቼ እስክስታ መታሁ። አባቴ ሐኪም ቤት ፍሪጅ ውስጥ ተኝቶ እኔ ትከሻዬን ስሰብቅ አመሸሁ፤ እነሱም አጨበጨቡልኝ። ይህን ዛሬም ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ።

ሰኞ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ከፊት አበልጄን፣ ከኋላ መምህራችንን፣ ከዚያ ጥቁር ነጠላ የለበሱትን ሳይ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ጮህኩ። የወደቅኩት በአበልጄ ክንድ ላይ ነው፤ አንገቷን አንቄ አለቀስኩ። በኋላ ዕንባዬ ጋብ ሲል ቅዳሜ እንደሰሙ ነገሩኝ። መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፣ ያውም መሪ ለያዘ፣ ያውም ገደል አፋፍ አሉኝ። ከሴቶቹ አንዷ «ለሾፌሯ ነግረን ማን ያወርደናል?» ብላ እንደነበር ሰማሁ። ይህን ይቅር ብያለሁ። የፈራ ሰው ይቅር ይባላል፤ ወጉም ወጋችን ነው፣ እኔም በሌላ ሰው ላይ ስንት ጊዜ ደብቄያለሁ። አባቴን እሁድ እንደቀበሩት፣ ሐዘን ሲደርስ ሬሳ እንደማይጠብቅ ነገሩኝና ተቀበልኩ።

በአርባው ወንድሜ ደወለ። ድምፁ ቅር ያለው ነው። ዙሪያውን ሲዞር ቆየና በመጨረሻ ተነፈሰው። «ሬሳውን እስከ ማክሰኞ እናቆየው ነበር እኮ፤ አንቺ ግን አልመጣም አልሽ» አለኝ።

እኔ አልኩ? ለማን አልኩ? አበልጄን ቅዳሜ ደውሎ ጠይቋት ነበር። ትመጣለች ወይ፣ ፍሪጅ ውስጥ እናቆይላት ወይ ብሏት፣ እሷም ከኦቾሎኒው ዳስ ጀርባ ሆና፣ እኔ ጀርባዋን እያየሁ፣ «አትጠብቋት፣ አትችልም» ብላዋለች። ለወንድሜ ግን እውነቱን አልነገርኩትም። አዎ፣ አልቻልኩም አልኩት፤ ስልኩን ዘግቼ ጋራዥ ውስጥ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ።

በሕይወቴ አንድ ነገር ነበር የምፈልገው። ያን ሰውዬ እኔ ልሸኘው፣ የሳጥኑን አንድ ጠርዝ በእጄ ልንካ፣ አንድ እፍኝ አፈር ልጣል። ቅዳሜ ቀን ቢነገረኝ ማታ አውሮፕላን ላይ ነበርኩ። ኤርፖርቱን እንደ ጓሮዬ ነው የማውቀው፤ ስንቱን ሰው ስንት ጊዜ ለቀብሩ አድርሻለሁ። አዲስ ሥራ ጀምረሻል፣ ልጅሽ ትንሽ ናት፣ ትጎጂያለሽ ብላ ይሆናል፤ ክፋት እንዳልነበረባት አውቃለሁ። ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሷ የአባቴን ቀብር በሁለት ቃል ወሰነችልኝ፣ ከዚያ ኦቾሎኒ ልትበላ ተመለሰች።

ለምን አልተጋፈጥሻትም የሚለኝ እኛን የማያውቅ ሰው ነው። እኛ ዘንድ የተነገረ ጸብ የባለቤቱ አይሆንም፤ የሽማግሌ ይሆናል። በማግስቱ መምህራችን ሁለት ሰው አስከትለው ይመጣሉ፣ አበልጄ እግሬ ላይ ትወድቃለች፣ «ስለ እመቤታችን» ይሉኛል፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይሉኛል፣ ቢዘገይ ለፋሲካ ይቅር እላለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ይቀረኛል? አባቴን ወስደውብኛል፤ ቂሜን ደግሞ በሽምግልና አልሰጥም አልኩ። ስለዚህ ደበቅኩት። ለባሌም አልነገርኩም። ልጄ ክርስትና እናቷ ቤት ስታድር አበልጄ የምትወደውን አልጫ በድስት አስይዤ እልካለሁ። ለቁርባን ግን አልቀረብኩም፤ ለምን ሲሉኝ እግሬን ያመኛል እላለሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አበልጄ ረሳች። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ በየጥቅምቱ ወደ ተራራው ስንሄድ፣ ከጎኔ ተቀምጣ ስለ አባቴ ታነሣለች። ምን ያለ ሰው ነበር ትላለች። እኔ መሪዬን ጨብጬ ልክ ነሽ እላለሁ። በየጠመዝማዛው ቀን ይመጣልሻል እያልኩ በልቤ አስብ ነበር። ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ መምጣቱን ግን እርግጠኛ ነበርኩ።

መጣ። በዚያ ዓመት መምህራችን አርጅተው በዱላ ነበር የሚሄዱት፤ ትምህርቱን ግን አልተውም። ያችው ነጭ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጠን፣ ያችው ባልቴት ስለ ተራራው ሰዎች ሐዘን ሌላ ነገር ነገረችን። ድሮ መንገዱ ክፉ ነበርና ሬሳውን ቶሎ ይቀብሩታል፤ ሰባኪውም በየሸለቆው የሚዞር ስለሆነ የስንብቱ ጸሎትና ስብከት ግን ይቆያል። ወራት ይቆያል፣ ዓመትም ይሞላል። መምህራችን ተረጎሙት። «ሩቅ ያለ ልጅ እስኪደርስ ይጠብቃሉ» አሉ። ከፊቴ የተቀመጠችው አበልጄ ደስ የሚል ነገር ነው ብላ አንገቷን ነቀነቀች። እዚያ ብቀመጥ አንድ ነገር አፌ ላይ ሊመጣ ስለሆነ ተነሥቼ ወጣሁ።

ደወሉ ሥር ቆሜ ነበር ስልኬ የጮኸው። ከአገር ቤት ነው፤ ቁጥሩን አላውቀውም። የአበልጄ እህት ናት። ከልቅሶዋ መሃል ቃል መለየት ከባድ ነበር። እናታቸው በዚያው ቀን አርፈዋል። ወጉ ነው፤ ለባለ ሐዘኑ አይደወልም፣ ለቅርቡ ሰው ነው የሚደወለው። የአበልጄ ቅርብ እኔ ነኝ። ልጅቷ አፍንጫዋን እየጠረገች እንዲህ አለችኝ፤ «ሬሳው ፍሪጅ ገብቷል። ትመጣለች? እንጠብቃት ወይስ ነገ እንቅበር? አንቺ የምትይውን ነው የምናደርገው።»

እግዚአብሔር ይሰጣል ሲሉ እንዲህ ይሰጣል ብዬ አላውቅም ነበር። ያው ቃል፣ ያው ተራራ፣ ስልኩም በእጄ። በቤተ ክርስቲያኗ መስኮት የአበልጄ ማጅራት ይታየኛል፤ ከጎኗ ላለችው ሴት ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ብላት ሁለቱም ይስቃሉ። «አትጠብቋት» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ተቀምጧል፤ ምላሴ ላይ ክብደቱ ይሰማኛል። ማንም አያውቅብኝም። ሰኞ ጠዋት ጥቁር ለብሼ በሯን አንኳኳለሁ፣ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች፣ እኔም እንዴት መንገድ ላይ እነግርሻለሁ እላታለሁ። ወጋችን እኔን ይጠብቀኛል። አሁንም ሌላ ዓይነት ሴት ብሆን ኖሮ የማደርገው ያንን ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ይበልጥ ቂመኛ ነኝ። ያን ባደርግ እሷ ምን እንደተወሰደባት ሳታውቅ ትኖራለች፤ የማያውቅ ሰው አያመውም። እኔ እንዲያማት ፈለግኩ።

«ጠብቋት» አልኩ። «ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ትደርሳለች። ሳትደርስ አፈር እንዳትነኩ።»

ገባሁ። ባልቴቷ እየተናገረች ነበር፤ በመሃል አቋረጥኳት። አበልጄ ፊት ቆሜ፣ ሳላባብል፣ ነጠላ ሳላስተካክል ነገርኳት። «እናትሽ ዛሬ አርፈዋል። ሬሳውን አቆይተውልሻል። ተነሺ፣ ኤርፖርት አደርስሻለሁ።»

ጩኸቷ ግድግዳውን መታ። ሴቶቹ ተነሥተው ሸፈኗት። እኔን ግን በዓይናቸው ሊበሉኝ ደረሱ። አንዷ አረመኔ አለችኝ። እንዲህ ቀጥ ብሎ፣ በሰው አገር፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ እንደ ደብዳቤ ወርውሮ መርዶ ይነገራል ወይ አሉኝ። መምህራችን በዱላቸው ተደግፈው «ልጄ፣ እንዲህ አይነገርም» አሉ። «ታዲያ እንዴት ነው የሚነገረው መምህር? እርስዎ ያስተምሩኝ» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ያን ቅዳሜ ያስታወሱ መሰለኝ።

ሁሉንም ጭኜ ወረድኩ። አበልጄ ከጎኔ ናት፤ መጀመሪያ ደረቷን ትመታ ነበር፣ ቀጥሎ ለባሏ ደውላ ፓስፖርቷን ይዞ ኤርፖርት እንዲጠብቃት ነገረችው። ከኋላ ያሉት ቀስ በይ ይሉኛል። ቀስ አላልኩም፣ አልቸኮልኩምም፤ ጠመዝማዛውን በማርሽ ወረድኩት፣ ፍሬን እምብዛም አልነካሁ። አባቴ ቢያየኝ ዝም ብሎ ያጨስ ነበር፤ የእሱ ምስጋና ዝምታ ነው። አንድ ጊዜ አበልጄ እጄን ያዘችኝ። አንቺ ባትኖሪ ማን ይነግረኝ ነበር፣ እስከ ሰኞ ይደብቁኝ ነበር፣ አምላክ ውለታሽን ይክፈልሽ አለች። እጄን አልነጠቅኳትም። መሪ መያዝ አለብኝ ብዬ ቀስ አድርጌ አወጣሁት።

ኤርፖርት ደጅ ፓርክ አደረግኩ። ባሏ ገና አልደረሰም። ሌሎቹ ቫኑ ውስጥ ቀሩ፤ እሷን ይዤ ወረድኩ። ሻንጣ የላትም፤ ለተራራ ብርድ የለበሰችው ጃኬትና ቦርሳዋ ብቻ ነው። አቅፋ ሳመችኝ፣ ጉንጬ በዕንባዋ ራሰ። ያኔ ጆሮዋ ላይ አልኳት።

«እህትሽ ‹እንጠብቃት ወይ› ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አትጠብቋት አላልኩም።»

እጇ ትከሻዬ ላይ ቀረ። ወደ ኋላ ብላ አየችኝ። ምን ማለትሽ ነው አላለችም፤ ያን ብትል ምናልባት ልቤ ይመለስ ነበር። «መቼ ነው ያወቅሽው?» ነው ያለችው።

«ሂጂ» አልኳት። «እየጠበቁሽ ነው።»

ባሏ ፓስፖርቱን ይዞ እየሮጠ መጣና ወደ ውስጥ ወሰዳት። በሩ ላይ አንዴ ዞር አለች። እኔ ቫኑን አስነሥቼ ነበር። አንጀቴ ራሰ? አልዋሽም፣ ራሰ። ወደ ታከር ስንመለስ ሴቶቹ እያኮረፉኝ፣ መምህራችን መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ እኔ ሬዲዮ ከፍቼ ነዳሁ።

ስትመለስ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሳሎኗ ፍራሽ ተነጥፎበት፣ ሰው ሞልቶበት፣ እሷ ጥግ ላይ ፊቷን በጥቁር ነጠላ ሸፍና ተቀምጣ ነበር። ስገባ ቀና አላለችም። ሴቶቹ የእናቷ ሐዘን እንዴት ሰበራት እያሉ ይንሾካሾካሉ፤ ሌላ ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ምሳ ቀርቦ ተነሣ፤ የመጣው ሁሉ እያጽናና ሄደ። እኔ አልሄድኩም። ልጄ እንሂድ ስትለኝ ከአባትሽ ጋር ሂጂ አልኳት። ቤቱ ባዶ ሲሆን ፍራሹ ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«ይቅር...» ብላ ስትጀምር አቋረጥኳት። ይቅርታዋን አልፈልገውም ነበር፤ የፈለግኩት ሌላ ነው። ቀብሩን ንገሪኝ አልኳት። ሁሉንም፣ ምንም ሳታስቀሪ።

ወለሉን እያየች ነገረችኝ። እናቷ ከፍሪጅ ሲወጡ ፊታቸው እንዴት እንደነበር፣ ግንባራቸውን ስትስም ከንፈሯ እንዴት እንደቀዘቀዘ። ሳጥኑን እነማን እንደተሸከሙ፣ እሷም በአንድ በኩል ገብታ ጥቂት እርምጃ እንደያዘች፣ ጠርዙ እጇን እንዴት እንደላጠው። ቀሳውስቱ ሲያዜሙ ዝናብ እንደመጣ፣ ጥላ የያዘ እንዳልነበረ። አፈሩ እርጥብ ስለነበር ከእፍኟ አልለቅ ብሎ ጣቶቿን ዘርግታ እንዳራገፈችው፣ ሳጥኑ ላይ ሲወድቅ ያሰማውን ድምፅ። እዚህ ላይ ተነፋረቀች። ቀጥዪ አልኳት፣ ቀጠለች።

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሰማት። ሳጥኑ ውስጥ የእሷ እናት አልነበሩም። ሳጥኑ ረጅም ነበር፣ አባቴ ረጅም ሰው ነው፤ ጠርዙ የላጠው እጅም የእኔ እጅ ነበር። ስትጨርስ ውጭ መሽቶ ነበር፤ ባሏ መብራት ሊያበራ መጥቶ አየንና ተመለሰ። አበልጄ አሁን እንደምሄድላት አስባ ነጠላዋን ሰበሰበች።

እንደገና ንገሪኝ አልኳት፣ ከመጀመሪያው።